ከዳሌና ከጉልበት ሕመም ለማገገም በሁለት የመራመጃ ዱላ መሄድ፦ ደረጃ በደረጃ

ወር ሙሉ በዱላ ተራምደው ማነከሳቸው ያልቀነሰላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከሦስት አንዱ ነው፦ ዱላው ከልኩ ረዝሟል፣ የተያዘው በታመመው እግር ጎን ነው፣ ወይም መሬት የሚነካው የታመመው እግር ሸክሙን ከተሸከመ በኋላ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው። ከውጭ ሲያዩት ትክክል ስለሚመስል ቤተሰብም ጎረቤትም አያርመውም። ስለዚህ ይህ መመሪያ በልክና በጊዜ አጠባበቅ ላይ ይቆያል። ቦታው ባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ ስለሆነ የመንገድ ምርጫውም ከዚያው ነው።

## ከመጀመርዎ በፊት፦ ጊዜዎ መድረሱን ያረጋግጡ

የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ ተቀይሮልዎት ከሆነ፣ ወይም የተሰበረ አጥንት በብረት ታስሮልዎት ከሆነ፣ ከዎከር (ባለ አራት እግር መደገፊያ) ወይም ከክራንች ወደ ዱላ የሚሸጋገሩት ሐኪምዎ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎ «በእግሩ ሙሉ ክብደት ይጣሉ» ሲልዎት ብቻ ነው። «በከፊል ይርገጡ» ከተባሉ በክራንችዎ ይቆዩ። የመራመጃ ዱላ ሙሉ ሰውነት ለመሸከም አልተሠራም፤ ሙሉ ክብደት ቢጥሉበት መቆለፊያው ሊሸሽ ይችላል።

በፈለገ ሕይወትም ይሁን በጥበበ ግዮን ሆስፒታል ወይም በሌላ ቦታ ክትትል ካለዎት፣ በቀጠሮዎ ቀን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቀው መልሱን በወረቀት ያጽፉ፦

1. በታመመው እግር ምን ያህል ክብደት መጣል እችላለሁ?
2. የተከለከልኩት እንቅስቃሴ አለ? (ዳሌ ለተቀየረለት ሰው ብዙ ጊዜ ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ፣ እግር ማጠላለፍና እግርን ወደ ውስጥ ማዞር ይከለከላል። ክልከላው እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ስለሚለያይ የጎረቤትዎን ምክር በራስዎ ላይ አይሞክሩ።)
3. ደረጃና ዳገት መቼ ልጀምር?

ሚዛን የሚያስትዎ፣ የሚያዞርዎ ወይም አንድ እጅዎ የሰነፈ ከሆነ በሁለት ዱላ ለብቻዎ አይጀምሩ። ዎከር ይሻልዎታል።

### ዱላውን ትተው ወዲያው ወደ ሐኪም የሚሄዱባቸው ምልክቶች

- ባትዎ አብጦ፣ ሞቆ ሲያምም፤ በተለይ በአንድ እግር ብቻ ከሆነ። የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አይታሽ።
- ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት። ይህ ለደቂቃም የማይጠበቅ ድንገተኛ ሕመም ነው።
- ትኩሳት፣ ወይም ከቁስሉ ፈሳሽ መውጣት።
- ትናንት ይረግጡበት የነበረው እግር ዛሬ ጨርሶ አልረገጥም ካለ፣ ካጠረ ወይም ከተጣመመ።

## ደረጃ 1፦ ዱላዎቹን ማዘጋጀት

### የሚገዙ ከሆነ

ቁመቱ የሚስተካከል፣ ሁለት አንድ ዓይነት ዱላ ይግዙ። በክላምፕ (በእጅ ተጭነው በሚዘጉት መያዣ) የሚዘጋው መቆለፊያ በመጠምዘዝ ከሚዘጋው ይመረጣል፤ መዘጋቱ በዓይን ይታያል፣ እጁ ለደከመ አረጋዊም ይቀላል። ሲያስረዝሙት «ስቶፕ» ወይም «ማክስ» ከሚለው ምልክት አያሳልፉ፤ ከዚያ በላይ የወጣ ዱላ ሲጫኑት ከመጋጠሚያው ይታጠፋል።

ጫፉን ይመልከቱ። ሹሉ ብረት ለአፈርና ለሣር ነው። በአስፋልት፣ በኮብልስቶንና በሴራሚክ ወለል ላይ ብረቱ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ የጎማ ጫማ ያስፈልገዋል። ከተማ ውስጥ የሚሄዱ ከሆነ ጎማውን ጨርሶ አያውልቁት።

ለተራራ ተጓዥ የተሠራ፣ የእጅ ማሰሪያ ያለው ዱላ ካገኙም ይሠራል፤ ከጫፉ በላይ ያለውን ክብ ፕላስቲክ ግን ይፍቱት። ልብስና የጫማ ክር ይይዛል።

### ከእንጨት የሚያሠሩ ከሆነ

ጥሩ ሆነው የተሠሩ ሁለት የባሕር ዛፍ ዱላዎች ከተበላሸ የፋብሪካ ዱላ ይሻላሉ።

1. ቀጥ ያለ፣ የደረቀ፣ ውፍረቱ ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጨት ይምረጡ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል። ቀርከሃ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የተሰነጠቀ መሆን አለመሆኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ እየዳሰሱ ይዩት።
2. ቁመቱን በደረጃ 2 ከሚያገኙት ልክ 15 ሴንቲ ሜትር አስበልጠው ያስቆርጡ። እጅዎ የሚይዘው ከአናቱ ዝቅ ብሎ ነው።
3. እጅ የሚያርፍበትን ቦታ በከመነዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቁራጭ ይጠቅልሉና ጫፎቹን በናስትሮ ያሰሩ። በላብ እንዳያዳልጥ ነው።
4. ከታች የክራንች ጎማ ያግቡበት። እንጨቱ ለጎማው ቀዳዳ ከወፈረ ጫፉን ይጥረቡት። ጎማው በጉልበት ገፍተው የሚገባ መሆን አለበት፤ በሁለት ጣት ስበው ከወለቀ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ይቀራል።

### ጫማና ልብስ

ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ የማያዳልጥ ጫማ ያድርጉ። በነጠላ ጫማ አይሞከርም። ረጅም ቀሚስ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይሁን። ነጠላ የሚለብሱ ከሆነ በወገብዎ ላይ ይታጠቁት፤ የተንጠለጠለ ጥለት ከዱላው ጋር ተጠላልፎ ሰው ይጥላል።

## ደረጃ 2፦ ልኩን ማውጣት

ይህን የሚለካልዎት ሌላ ሰው ይሁን። ራስዎ ጎንበስ ብለው ከለኩ ልኩ ይሳሳታል።

1. የሚራመዱበትን ጫማ አድርገው በደልዳላ ወለል ላይ ቀጥ ብለው ይቁሙ።
2. ክርንዎን ከጎንዎ አስጠግተው 90 ዲግሪ ይጠፉት፤ ክንድዎ ከወለሉ ጋር ትይዩ ይሁን።
3. ረዳትዎ ከወለል እስከ መዳፍዎ መሃል በሜትር ይለካ። ልክዎ ይህ ነው።
4. ዱላውን በዚያ ልክ ቆልፈው ጫፉን ከጫማዎ ጎን ያቁሙና ያዢያውን ይጨብጡ። ትከሻዎ ከጆሮዎ ከራቀና ክርንዎ 90 ዲግሪ ወይም ትንሽ ከዚያ ከፈት ካለ ደህና ነው።

ለመነሻ ይህን ይጠቀሙ፤ የመጨረሻው ዳኛ ግን ክርንዎ ነው፦

- ቁመትዎ 150 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 100
- 155 ከሆነ 105
- 160 ከሆነ ከ105 እስከ 110
- 165 ከሆነ ከ110 እስከ 112
- 170 ከሆነ 115
- 175 ከሆነ ከ115 እስከ 120
- 180 ከሆነ ከ120 እስከ 122

ከረዘመ ትከሻዎ ወደ ላይ ይነሣል፣ አንገትዎ ይደርቃል፣ መጫንም አይችሉም። ካጠረ ወገብዎ ይጎብጣል፤ ዳሌዎ እንደታጠፈ ስለሚቀርም የፊተኛው የዳሌ ጡንቻ እያጠረ ይሄዳል። ሁለቱንም ዱላ እኩል ያድርጉ። አንድ እግርዎ በሕመሙ ምክንያት ካጠረ ማካካሻው ጫማ ላይ እንጂ ዱላ ላይ አይደለም፤ ይህን ባለሙያ ይወስነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። እጀታው የተቆለመመ ከዘራ ልኩ ሌላ ነው፤ እጅዎን ወደ ታች ዘርግተው እጀታው ከእጅ አንጓዎ እጥፋት ጋር እኩል ሲሆን ነው። በከዘራ ልክ የተቆረጠ የመራመጃ ዱላ ያጥራል፣ በመራመጃ ዱላ ልክ የተቆረጠ ከዘራ ደግሞ እጅን ያንጠለጥላል። የቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ለረጅም ጸሎት ቆሞ ለመደገፍ ጥሩ ነው፤ ለመራመድ ግን በጣም ይረዝማል።

## ደረጃ 3፦ አያያዝ

1. ዱላው የእጅ ማሰሪያ ካለው እጅዎን ከታች ወደ ላይ በቀለበቱ ውስጥ ያሳልፉ። ከዚያ ማሰሪያውንና ያዢያውን አንድ ላይ ይጨብጡ። አሁን ሲጫኑ ክብደቱ የሚያርፈው በማሰሪያው ላይ እንጂ በጣቶችዎ ላይ አይደለም።
2. ጭብጥዎን ያላሉ። እንቁላል እንደያዘ ሰው በቂ ነው።
3. የሚጫኑት ከትንሿ ጣት በኩል ባለው የመዳፍ ጠርዝ ነው። በአውራ ጣት የሚጫን ሰው በሳምንት ውስጥ አንጓው ያመዋል።

ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ፣ በድንጋያማ መንገድና የመውደቅ ስጋት ባለበት ሁሉ ማሰሪያውን ያውልቁ። በማሰሪያ የታሰረ እጅ ሲወድቁ መሬት መያዝ አይችልም፤ ያዢያው ደግሞ አውራ ጣትን ጠምዝዞ ጅማቱን ሊበጥስ ይችላል። መውደቅዎ ከማይቀር ዱላውን ይልቀቁት።

### ምን ያህል ልጫን?

የሰውነት ሚዛን ካገኙ ግድግዳ አጠገብ ያስቀምጡት። የዱላውን ጎማ ሚዛኑ መሃል አቁመው፣ በሌላ እጅዎ ግድግዳውን ይዘው፣ 5 ኪሎ እስኪያሳይ ይጫኑ። ከዚያ 8 ኪሎ። አምስት ጊዜ ይደጋግሙና ሚዛኑን ሳያዩ 5 ኪሎ ለማምጣት ይሞክሩ። ብዙ ሰው ሲጀምር የሚጫነው 1 ወይም 2 ኪሎ ብቻ ነው፤ ያ ዱላ መያዝ እንጂ መደገፍ አይደለም። ከ10 ኪሎ በላይ ካልተጫኑ የማይራመዱ ከሆነ ደግሞ ለዱላ ገና ነዎት፤ ወደ ክራንችዎ ይመለሱ።

## ደረጃ 4፦ ቆመው መለማመድ

ከኋላዎ ወንበር፣ ከፊትዎ ጠረጴዛ ይኑር። ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ይህን ብቻ ያድርጉ፤ መንገድ አይውጡ።

1. ሁለቱን ዱላ ከጫማዎ ጎን፣ ከትንሿ ጣት አጠገብ ያቁሙ።
2. ክብደትዎን ቀስ ብለው ወደ ታመመው እግር ያዛውሩ፤ ወዲያውም በተቃራኒው እጅ ይጫኑ። ሦስት እስኪቆጥሩ ይቆዩና ይመለሱ። 10 ጊዜ።
3. የጤነኛውን እግር ተረከዝ ብቻ ከመሬት ያንሡ። መቀመጫዎ ወደ ጤነኛው ጎን እንዳይወድቅ ረዳትዎ ከኋላ ይይ። 10 ጊዜ።
4. በቦታዎ ሆነው ቀስ ብለው ይርገጡ፤ ቀኝ እግር ሲነሣ ግራ ዱላ ይነሣ፣ ግራ እግር ሲነሣ ቀኝ ዱላ። 20 እርምጃ።

ተቃራኒው እጅ ለምን እንደሚፈለግ ማወቅ ይጠቅማል። በአንድ እግር ስንቆም የዳሌው መገጣጠሚያ የሚሸከመው የሰውነትን ክብደት ብቻ አይደለም። መቀመጫ ወደ ሌላው ጎን እንዳይወድቅ ከጎን የሚስበው ጡንቻ ጉልበትም ይጨመርበታል፤ ድምሩ ከሰውነት ክብደት ሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። በተቃራኒው እጅ ያለ ዱላ ከመገጣጠሚያው ርቆ ስለሚገፋ፣ ጥቂት ኪሎ ግፊት ያንን ጡንቻ ብዙ ያሳርፈዋል። በታመመው ጎን የተያዘ ዱላ ግን ሰውነትን ወደ ታመመው እግር ያዘነብላል፤ ማነከስን የሚያስተምረውም እሱ ነው።

## ደረጃ 5፦ አረማመዱ

### ሀ. ባለ ሦስት ምት (የመጀመሪያው ሳምንት)

1. ሁለቱንም ዱላ አንድ ላይ ከፊትዎ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ያሳርፉ።
2. የታመመውን እግር በሁለቱ ዱላዎች መሃል ያሳርፉ። ከዱላዎቹ መስመር አያልፍ።
3. በሁለቱም መዳፍ ወደ ታች ይጫኑ፤ እየተጫኑም ጤነኛውን እግር ያራምዱ።

ድምፅዎን አውጥተው ይቁጠሩ፦ «ዱላ፣ የታመመው፣ ጤነኛው»። የግፊቱ ሰዓት ጤነኛው እግር አየር ላይ ያለበት ነው፤ ሰውነትዎ ሁሉ በታመመው እግር ላይ የሚያርፈው ያኔ ብቻ ነውና። ሁለቱም እግርዎ ከታመሙ የባሰበትን «የታመመው» ይበሉት።

ጤነኛውን እግር ከታመመው አጠገብ አምጥተው አያቁሙት፤ ትንሽም ቢሆን ይለፍ። አጠገብ ማቆም የለመደ ሰው በኋላ እኩል መራመድ ይከብደዋል።

### ለ. ባለ ሁለት ምት

50 እርምጃ በባለ ሦስት ምት ሳይጨነቁ ከሄዱ ወደዚህ ይለፉ።

1. ማሰሪያውን አድርገው ዱላዎቹን ይልቀቁ፤ ጫፋቸው ከኋላ መሬት እየጎተተ ይከተልዎት። ዝም ብለው 20 እርምጃ ይሂዱ። እጅዎ በራሱ ከተቃራኒው እግር ጋር ይወዛወዛል።
2. መወዛወዙ ሳይቋረጥ ያዢያውን ቀስ ብለው ይጨብጡ። አሁን የታመመው እግር ተረከዝ መሬት ሲነካ የተቃራኒው ዱላ ጫፍም አብሮ ይንካ።
3. የዱላው ጫፍ የሚያርፈው ከፊተኛው እግርዎ ተረከዝ ትይዩ ወይም ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ከጣቶችዎ አልፎ ከፊት ካረፈ ፍሬን ይሆናል፤ ንዝረቱም ክርንና ትከሻ ላይ ይወጣል።
4. እግሩ ወደ ኋላ እስኪቀር ድረስ ግፊቱን ይያዙ። እጅዎ ዳሌዎ አጠገብ ሲደርስ ይልቀቁ።
5. የሁለቱም እግር እርምጃ እኩል ይሁን። ጤነኛው እግር ቸኩሎ የሚያርፍ ከሆነ እርምጃዎን ያሳጥሩ፤ ፍጥነት አይጨምሩ።

### ትክክል መሆኑን በጆሮ ማወቅ

በአስፋልት ወይም በኮብልስቶን ላይ እየሄዱ ያዳምጡ። ዱላና ተረከዝ አብረው ሲያርፉ የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው። ሁለት የተለያየ ድምፅ ከሰሙ፣ ተረከዙ ቀድሞ ዱላው ከተከተለ፣ ዱላው ምንም አልጠቀመም። ይህ መፈተኛ ከመስታወትም ከተመልካችም ይበልጣል፤ በየቀኑ የመጀመሪያውን 20 እርምጃ ለማዳመጥ ብቻ ይመድቡት። በተጨማሪ በሳምንት አንድ ጊዜ ከኋላ በስልክ ያስቀርጹ፤ የላይኛው ሰውነትዎ ወደ ታመመው ጎን የሚያዘነብል ከሆነ ገና አልተጫኑም።

### ሲዘበራረቅ

- ቀኝ እግርና ቀኝ ዱላ አብረው ከሄዱ፦ እየሄዱ ለማረም አይሞክሩ፤ ሰው የሚጠላለፈው ያኔ ነው። ይቁሙ፣ እግርዎን ያጋጥሙ፣ ከመጎተቱ (ቁጥር 1) እንደገና ይጀምሩ።
- ዱላው ከተንሸራተተ፦ ጎማው አልቆ እንደሆነ ይገልብጡና ይዩ። ጥርሱ ከጠፋ ወይም ብረቱ ከታየ ይቀይሩ።
- ዱላው ባጠረ ቁጥር፦ መቆለፊያው ላልቷል። ክፍሎቹን አውጥተው አቧራውንና ውሃውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ዘይት አይቀቡ፣ ዘይት ያንሸራትተዋል። የክላምፑን ብሎን ትንሽ ያጥብቁ። ከዚያ ሙሉ ግፊት ጭነው ሳይሄዱበት ይፈትሹት።
- አንጓ ወይም ትከሻ ካመመ፦ መጀመሪያ ዱላውን 2 ሴንቲ ሜትር ያሳጥሩ፤ ካልተሻለ ጭብጡን ያላሉ። በ3 ቀን ካልለቀቀ ያሳርፉት።

## ደረጃ 6፦ መዞር፣ መቀመጥ፣ ሰላምታ

መዞር። በታመመው እግር ላይ ቆመው አይሽከርከሩ። በትንንሽ እርምጃ እንደ ቅስት ዞረው ይሂዱ፤ ይልቁንም ወደ ጤነኛው ጎን ቢዞሩ ይሻላል።

መቀመጥ። ወንበሩ ባትዎን እስኪነካ ወደ ኋላ ይሂዱ። ሁለቱንም ዱላ በአንድ እጅ ይሰብስቡ፤ በሌላው የወንበሩን ክንድ ይያዙ፤ የታመመውን እግር ወደ ፊት ዘርግተው ይቀመጡ። ሲነሡም ዱላዎቹ በአንድ እጅ ናቸው፤ በዱላ ላይ ተንጠልጥሎ መነሣት ዱላውንም ሰውየውንም ይጥላል። ወንበሩ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው። ቡና የሚጠጣበት በርጩማ ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ ስለሚያጥፍ ዳሌ ለተቀየረለት ሰው አይሆንም። የቤቱን እመቤት «ከፍ ያለ ወንበር ስጪኝ» ማለት ነውር የለውም።

ሰላምታ። በእኛ አገር በዱላ የሚሄድ ሰው ሰላም ሊል ሲልም ሊወድቅ ይችላል። እጅ ለመንሣት ጎንበስ ይላል፣ አንዱን ዱላ ይለቃል፣ ትከሻ ለትከሻ ሲገናኙ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ሥርዓቱ ይህ ይሁን፦ ይቁሙ፤ እግርዎን በትከሻ ስፋት ይክፈቱ፤ ሁለቱን ዱላ ከፊትዎ ያቁሙ፤ ከዚያ ሌላው ሰው ወደ እርስዎ ይምጣ። አብሮ የሚሄደው ልጅ «አባባ እግራቸውን ታመው ነው» ብሎ ቀድሞ ይናገር።

ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቀው ሲገቡ ዱላው በጫማዎ ውፍረት ያህል ይረዝምብዎታል፤ ለአጭር መንገድ ችግር የለውም። ስግደት ግን ሐኪም ሳይፈቅድ አይሆንም።

## ደረጃ 7፦ ደረጃና ቁልቁለት

### ደረጃ

መደገፊያ ካለ አንድ እጅ እሱን ይያዝ፤ ሁለቱም ዱላ በሌላው እጅ ይሁኑ፣ ወይም አንዱን ረዳትዎ ይያዝልዎት።

- ሲወጡ፦ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ የታመመውና ዱላው ይከተሉ።
- ሲወርዱ፦ ዱላው ይቅደም፤ የታመመው ይከተል፤ ጤነኛው በመጨረሻ።

ከተምታታብዎት ይህን ያስቡ፦ ሰውነትን ወደ ላይ የሚያነሣውም ቀስ አድርጎ ወደ ታች የሚያወርደውም ጠንካራው እግር ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከላይ ባለው ደረጃ ላይ የሚቆየው እሱ ነው። ረዳት ሲወጡ ከኋላ፣ ሲወርዱ ከፊት፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይቁም።

### ዳገትና ቁልቁለት

ጉልበትን የሚያስቸግረው ቁልቁለት ነው። ሲወርዱ ዱላዎቹን 5 ሴንቲ ሜትር ያስረዝሙ፣ መጀመሪያ ከፊት ያሳርፏቸው፣ ጉልበትዎን ትንሽ ለዘብ አድርገው በአጭር እርምጃ ይውረዱ። ጉልበትን ቀጥ አድርጎ መቆለፍ ድንጋጤውን ሁሉ ወደ መገጣጠሚያው ይልካል። መንገዱ ሰፊና መኪና የሌለበት ከሆነ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተጠማዘዙ ይውረዱ። ሲወጡ 5 ሴንቲ ሜትር ያሳጥሩ።

## ደረጃ 8፦ መንገድና መጠን

ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይሁን። ባጃጁ አልበዛም፣ አስፋልቱም አልጋለም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከ4 ሰዓት በኋላ አይውጡ፤ ላብ ጭብጥን ያላላል፣ ድካም ደግሞ ማነከስን ይመልሳል።

1ኛ ሳምንት፦ በግቢ ውስጥ 5 ደቂቃ፣ በቀን 3 ጊዜ፤ ባለ ሦስት ምት።

2ኛ ሳምንት፦ ዘንባባ በተተከለባቸው ሰፋፊ አውራ መንገዶች ደልዳላ የእግረኛ መንገድ ላይ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን 2 ጊዜ። የተሰበረ የቦይ ክዳን ይጠንቀቁ፤ የዱላ ጫፍ ከገባበት እጅ አብሮ ይሄዳል።

3ኛና 4ኛ ሳምንት፦ የሐይቁ ዳር የእግር መንገድ፣ 15 ደቂቃ፣ በቀን 2 ጊዜ። ጥላና መቀመጫ የሚገኝበትን ክፍል ይምረጡ፤ ከግማሽ መንገድ በፊት ሳይደክምዎ ይመለሱ።

5ኛና 6ኛ ሳምንት፦ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በቀን 1 ጊዜ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለው፤ ርዝመቱ 380 ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልስ 760 ሜትር ይሆናል። መሃሉ ላይ ቢደክምዎ መውጫ የለም፤ ስለዚህ 800 ሜትር በሌላ መንገድ ሳያርፉ ሄደው ካልፈተኑ አይጀምሩት።

የቤዛዊት ኮረብታ ዳገት ከዚህ በኋላ ነው፤ የሚያስቸግረው መመለሻው ነውና መውጫውን በእግር፣ መውረጃውን በባጃጅ ያድርጉት። የዘጌ ጫካ መንገድ ሥርና ድንጋይ የበዛበት ነው፤ የጢስ ዓባይም ድንጋያማ ነው። ሁለቱም በአስፋልት 45 ደቂቃ ያለ ሕመም ለሚሄድ ሰው ናቸው። ወደ ጀልባ ሲገቡ ዱላዎቹን አስቀድመው ለጀልባው ሰው ያቀብሉና በሁለት እጅ ሰው ይዘው ይግቡ፤ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ዱላ መትከል አይሞከርም።

ከሰኔ እስከ መስከረም ጥቁሩ ጭቃ በጎማው ላይ እየተጣበቀ ያድጋል፤ ሲከብድ ይንሸራተታል። በየ50 እርምጃው ከድንጋይ ጋር ያራግፉት። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ባለ ሁለት ምቱን ትተው ወደ ባለ ሦስት ምት ይመለሱ።

ደቂቃና የመንገድ ክብደትን በአንድ ሳምንት አብረው አይጨምሩ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ።

### የሕመም ልኬት

ከ0 እስከ 10 ለራስዎ ቁጥር ይስጡ። እስከ 3 ከሆነ ይቀጥሉ። 4 ወይም 5 ከሆነ ያሳጥሩና ወደ ቤት ይመለሱ። ከ5 በላይ ከሆነ ይቁሙ፤ ባጃጅ ይጥሩ።

የዛሬው መጠን ትክክል መሆኑን የሚነግርዎት ነገ ጠዋት ነው። ከአልጋ ሲነሡ በጉልበት ሎሚ መሃል ዙሪያውን በሜትር ይለኩና ይጻፉ። ከትናንት 1 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ወይም ሕመሙ ከትናንት ጠዋት ከበለጠ፣ ዛሬ ግማሹን ብቻ ይሂዱ። እግርዎን ከፍ አድርገው ያሳርፉ፤ በረዶ ካገኙ በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያስቀምጡበት። ለሦስት ተከታታይ ጠዋት እንደዚያ ከሆነ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ደብተርዎን ይዘው ይሂዱ። ዱላ ሕመሙን ስለሚያቀልል ሰው ከአቅሙ በላይ ይሄዳል፤ መለኪያው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

## ደረጃ 9፦ ከሁለት ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ባዶ እጅ

ወደ አንድ ዱላ የሚወርዱት ሦስቱም ሲሟሉ ነው፦

1. በሁለት ዱላ 30 ደቂቃ ሄደው ሕመሙ ከ2 አልበለጠም።
2. በስልክ ተቀርጸው ሲያዩት ሰውነትዎ አያዘነብልም።
3. ጠረጴዛ አጠገብ፣ እጅዎን ሳይጭኑ፣ በታመመው እግር ብቻ 10 ሰከንድ ቆመው መቀመጫዎ አልወረደም።

የሚቀረው ዱላ በጤነኛው እግር በኩል ባለው እጅ ይሁን። በአንድ ዱላ መጀመሪያ የሚሄዱት 5 ደቂቃ ነው፤ ቀሪው መንገድ እንደተለመደው በሁለት። በየሁለት ቀኑ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። ማነከሱ ከተመለሰ በዚያው ሰዓት ሁለተኛውን ዱላ ያንሡ፤ በማነከስ የተሄደ ኪሎ ሜትር ጡንቻውን የሚያሠለጥነው በተሳሳተ መንገድ ነው።

ባዶ እጅዎን የሚሄዱት መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ ግቢ፣ በመጨረሻም መንገድ ላይ ነው። ገበያ የሚሄዱ ቀን፣ ጎዳናው ጭቃ የሆነ ቀንና ለቅሶ ቤት ረጅም ሰዓት የሚቆሙበት ቀን ግን ዱላዎቹን ይዘው ይውጡ።